ያልቆጠርሽው ስምንተኛ መጽሐፍ

«ይድረስ ለጋሼ። ጤና ይስጥልኝ። እኔ አንኮበር፣ ጎረቤላ የምኖር የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት በነሐሴ ወር እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ ብዬ ተነሣሁና ሰባት መጻሕፍት ቆጠርኩ። ከደብረ ብርሃን የተከራየሁት ልብ ወለድ፣ የግጥም መድብል፣ የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ፣ ስለ ስኬት የሚናገር ትርጉም፣ ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ (112ኛው ገጽ ላይ ትቼዋለሁ)፣ የወፎች መለያ መጽሐፍ፣ እንዲሁም ድሮ ወደ አንኮበር የመጣው እንግሊዛዊ ሐሪስ ከጻፈው የጉዞ ታሪክ አንዱን ቅጽ በስልኬ ላይ። የዶሮ እርባታ መመሪያም ነበረ፤ እሱ ግን መጽሐፍ ስላልሆነ አልቆጠርኩትም። የእናቴን ዶሮ ሽለምጥማጥ በልቶባት ለጫጩቶቹ ብዬ እግረ መንገዴን ነው ያየሁት።

«አሁን መስከረም ጠብቷል፤ አእምሮዬን ስፈትሸው ባዶ ነው። የልብ ወለዱ ሴት ከሕይወት ታሪኳ ሴት ጋር ትምታታብኛለች። ለፍልሰታ ከአዲስ አበባ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ‹ዲግሪ የማይጨምር ንባብ ሥራ መፍታት ነው› አለኝ። እሱስ ይሁን። ያሳዘነኝ የእናቴ ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም። ነሐሴ 16 ማታ፣ ጾሙ ተፈትቶ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ‹ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቀን መጽሐፉ ምን አለሽ?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹ብዙ ነገር ነው እማዬ› ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። የምነግራት አንድ ነገር አጣሁ። ጥፋቴ የተዘበራረቀ ነገር ማንበቤ ነው? በአንድ ዓይነት መጽሐፍ ልወሰን? የጀመሩትን መተውስ ነውር ነው? ይምከሩኝ።

የጎረቤላዋ መምህርት»

እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን በእርሳስ እያሰመርኩ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው እጁ አርፎ አያነብም። ያሰመርኩበት ደግሞ አብዛኛው ዓምዱ ጠበበኝ ብዬ ከላይ የቆረጥኩት ክፍል ነው። አንባቢዎች ስላላዩት በአጭሩ እነግራቸዋለሁ፤ ሳላስፈቅድሽ ስለሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አእምሮዬ ባዶ ነው ባለችው በዚህች ሴት ደብዳቤ ላይ የሚከተለው ተጽፏል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንቷ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ራሳቸውን ይመልከት። አንዷ በሌላዋ ላይ ከተደራረበች በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ተበታትነው የሚጭሩ ከሆነ ተስማምቷቸዋል። መብራት ሲጠፋ፣ በነሐሴ ደግሞ ይጠፋል፣ ትንሽ ጀሪካን ሙቅ ውኃ ሞልቶ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ካርቶኑ መካከል ማቆም ነው። ይህን የመጨረሻውን መመሪያው አልነገረሽም፤ እናትሽ ናቸው የፈጠሩት። ዶሮዋ 14 ዕንቁላል ታቅፋ በ21ኛው ቀን 11 ፈለፈለች፣ በሦስተኛው ሌሊት ሽለምጥማጥ ወሰዳት፣ 11ዱም ጫጩቶች ግን ዛሬ ድረስ አሉ።

አንድ ሰው ያነበበውን ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ሊያስታውስ ነው? መጽሐፍ አይደለም ብለሽ ከቁጥር ያወጣሽው ስምንተኛው እሱ ነው። እናትሽ «መጽሐፉ ምን አለሽ?» ብለው ሲጠይቁሽ መልሱ እግራቸው ሥር ይጭር ነበር።

«የሚጠቅም ነገር ብቻ አንብቢ ሊለኝ ነው» ብለሽ አትስጊ። እሱ የወንድምሽ እምነት ነው። መመሪያው ከሰባቱ የተለየው ስለሚጠቅም አይደለም። የስኬቱም መጽሐፍ እጠቅማለሁ ይላል፤ ከእሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍሽልኝም። ልዩነቱ መመሪያውን ለእናትሽ ጮክ ብለሽ ማንበብሽ ላይ ነው። እሳቸውም ዝም ብለው አልሰሙም። «32 ዲግሪ ማለት ምን ያህል ነው? ከብብት ይበልጣል?» ብለው ጠየቁሽ። አንቺም አስበሽ «ከብብት ትንሽ ይቀንሳል» አልሻቸው። ይህን ሳነብ እርሳሴ ሁለት ጊዜ አሰመረ። መመሪያውን የጻፈው ባለሙያ ብብት የሚባል መለኪያ በሐሳቡም አልነበረም። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ያ ቁጥር ካንቺ የሚወጣ አይመስለኝም።

ሰባቱን ግን ብቻሽን፣ አልጋ ላይ፣ ባና ተከናንበሽ ዋጥሻቸው።

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። በመንደራችን ፊደል የቆጠርን ልጆች ጥቂት ነበርንና የጎረቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የምናነበው እኛ ነበርን። ልጃቸው ወታደር ሆኖ ምሥራቅ የሚኖር አንዲት እናት ነበሩ። ደብዳቤ ሲደርሳቸው በመቀነታቸው ቋጥረው ይይዙና ያገኙትን ተማሪ ሁሉ ያስነብቡታል፤ ዛሬ እኔን፣ ነገ የአጎቴን ልጅ፣ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዲያቆኑን። አንድ ቀን ገና ለመጫወት ስቸኩል ለሦስተኛ ጊዜ አስቀመጡኝ። ሰላምታውን ብቻ አንድ ገጽ የሚሞላ ደብዳቤ ነው። እየዘለልኩ አነበብኩት። እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ቀና እንኳ አላሉም። ስጨርስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ቀዩን በሬ ዘለልከው።» ወታደሩ በሁለተኛው ገጽ ላይ ቀዩ በሬ እንዴት እንደ ሆነ ጠይቋል። ተመልሼ አነበብኩላቸው። ሴትዮዋ ፊደል አያውቁም፤ ደብዳቤውን ግን ከእኔ በተሻለ አንብበውታል።

የቄስ ትምህርት ቤቱም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ የዮሐንስን መልእክት ሲይዝ ያንኑ አንድ ጽሑፍ በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይሄድበታል። አራት ጊዜ፣ በአራት ዓይነት ድምፅ። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ፣ መጨረሻ ላይ አጥርቶ እያወረደው። የኔታም አንዱን ልጅ እያረሙ የሌላውን ስሕተት በጆሯቸው ይሰማሉ። ልጅነቴን ለማስዋብ አይደለም፤ የኔታ አርጩሜም ነበራቸው፣ ወገቤ ይመሰክራል። ግን እዚያ ዝም ብሎ ማንበብ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ የሚያነበው ሌላው ሊሰማው ነበር።

የራሴንም ጉድ ልንገርሽ። ወጣት መምህር ሳለሁ በአንድ ክረምት 23 መጽሐፍ አንብቤ በደብተር መዝግቤአለሁ፤ ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ፣ ርእሱን በሰማያዊ። ለባልደረቦቼ ስንቱን እንዳነበብኩ እንጂ ምን እንዳነበብኩ ነግሬ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ሣጥን ሳጸዳ ደብተሩን አገኘሁት። ከ23ቱ የ14ቱን ርእስ አይቼ ስለ ምን እንደ ነበሩ እንኳ ትዝ አላለኝም። ይባስ ብሎ ቁጥር 6 እና ቁጥር 19 አንድ መጽሐፍ ናቸው። ወይ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ አንብቤው አላወቅሁም፤ ወይ ዋሽቻለሁ። የትኛው እንደሚሻል አንቺ ፍረጂ።

ቁጥር 11 ግን አለ። ልብ ወለድ ነበር። በዚያ ክረምት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር የምኖረው፤ ማታ ማታ ከዘበኛው ጋር እሳት እሞቃለሁ። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው አጋድመው ይቀመጣሉ። አንድ ምሽት ወሬ ሲያልቅብኝ የመጽሐፉን መጀመሪያ አወራሁላቸው። በማግሥቱ ገና ሳልቀመጥ «ከዚያስ፣ መምህር?» አሉኝ። ለነገው የምነግራቸው እንዲኖረኝ እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ጀግናው አሮጊት እናቱን ትቶ ከተማ ሲገባ ዘበኛው ተቆጡ፤ «እንዲህ ያለውን ለምን ታወራልኛለህ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ «ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ልጁ አልተሳሳተም። እናቲቱ ናት ሂድ ያለችው፣ አፏን ሳትከፍት» አሉኝ። ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ። እውነታቸውን ነው፤ እናቲቱ ስንቅ የምትቋጥርበት ገጽ አለ፣ እኔ ሳላስተውል አልፌዋለሁ። ያን መጽሐፍ እስከ ዛሬ የማስታውሰው በደራሲው ድምፅ ሳይሆን በዘበኛው ድምፅ ነው።

ቁጥር ራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። የመርሐቤቴው ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት ዘርዝረው ካታሎግ አሳትመዋል። እሳቸው የቆጠሩት ሌላው ሰው መጽሐፉ መኖሩን እንዲያውቅ ነው። እኔ የቆጠርኩት እንዲደነቅልኝ ነበር። አንቺ ለምን እንደ ቆጠርሽ አልነገርሽኝም፤ እጠረጥራለሁ፣ ግን አልፈዋለሁ።

መዘበራረቁን በተመለከተ ምንም አትጨነቂ፤ በአንድ ዓይነት መጽሐፍም አትወሰኚ። ደብዳቤሽን ስታጥፊው ያላየሽውን እኔ አይቼልሻለሁ። የወፎቹን መጽሐፍ ይዘሽ ገደሉ አፋፍ ሄድሽ፤ እዚያ ቆመሽ ጭጋጉ ከቆላው ሲወጣ «ሐሪስ ያየው ይህን ነው ማለት ነው» አልሽ። ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ገደል ላይ ተገናኙ። ወሩን ሙሉ የጉዞ ታሪክ ብቻ ብታነቢ ይህ አይገኝም ነበር። የሁለቱ ሴቶች መምታታት ግን የመዘበራረቅ ጣጣ ሳይሆን የኪራይ ጣጣ ነው። ኪራዩ በቀን ሲታሰብ ዓይን ይሮጣል፤ ሰው የሚያነበው ታሪኩን ሳይሆን የቀሩትን ገጾች ነው። ልብ ወለዱን ረቡዕ ዘግተሽ የሕይወት ታሪኩን ሐሙስ ጠዋት ጀመርሽ። የሁለቱም ሴቶች ባሎች ክፉዎች ነበሩ አልሽ። ታዲያ ምን ያድርጉ፣ አይምታቱም? በመካከላቸው ሦስት ቀን ልብስ እጠቢ፣ ቡና አፍዪ፣ ሰው ጠይቂ።

በግጥሙ ግን እቆጣሻለሁ። «መድብሉን በአንድ ምሽት ጨረስኩት» ብለሻል። ግጥም እንዴት በአንድ ምሽት ያልቃል? የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ይዞ፣ ማለት ሁለት ቤት ብቻ ይዞ፣ ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ይውላል። ሰሙን ቶሎ ያገኘዋል፤ ወርቁ ነው የሚያዞረው። አማርኛውም ግጥም ቢሆን ከዚያው ባሕል የመጣ ነው፤ እንደ ቆሎ ዘግነሽ የምትቅሚው አይደለም። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዲቱን፣ ስታነቢያት ቀና ያልሽባትን፣ ምረጪ። ሌላውን አሁን እርሺው። አንዲቷን በቃልሽ ያዢና እንጀራ ስትጋግሪ በያት። ግጥም ከምጣድ ጋር ይስማማል፤ እንጀራው እስኪበስል ሁለት ስንኝ ይደርሳል፤ አክንባሎውን ስታነሺ ደግሞ ሌላ ሁለት።

አሁን ወደ ሐሪስ። ስለ እሱ ከሁሉ በላይ ጽፈሽልኛል፤ ደግሞም በንዴት ነው። «ስለ ሰዎቻችን በንቀት ይጽፋል፤ ሁለት ጊዜ ዘግቼው ሁለት ጊዜ ከፈትኩት» ብለሻል። አየሽ፣ ሁለት ጊዜ የተከፈተ መጽሐፍ በአእምሮሽ የለም ልትዪኝ ነው። ልቀጥልልሽ፤ ምክንያቱም ይህ ሰው በልኩ ከተያዘ የክረምትሽ ምርጥ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል።

ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የቦምቤይ ጦር መሐንዲስ መኮንን ነበር፤ አውሬ አዳኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ላከውና ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ወጣ። በዚያው ዓመት ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ። ሚስዮናዊው ክራፕፍ ከእሱ ቀድሞ፣ ከ1839 ጀምሮ፣ በሸዋ ነበረና በማስተርጎም ረድቶታል። መጽሐፉ በሦስት ቅጽ በ1844 ታተመ። እንግዲህ ይህን ይዘሽ አንብቢው። የሚጽፈው ወታደር ነው፤ ላኪዎቹ ደክሞ እንደ መጣ እንዲያውቁለት ይፈልጋል። በረሃው የባሰ በረሃ፣ ገደሉ የባሰ ገደል፣ ሕዝቡ የባሰ አስቸጋሪ ሆኖ ቢነበብ ይጠቅመዋል። አንቺን የሚያናድድሽ ቦታ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያስመሰግንበት ቦታ ነው። በሌላ በኩል የሣሩን፣ የወንዙን፣ የገበያውን ነገር ሲጽፍ ዓይኑ ስለታም ነው፤ አዳኝ ነውና። ንቀቱን ለእሱ ተይለት፣ ገበያውን ውሰጂ።

ከቻልሽ ደግሞ ሌላ ምስክር ጥሪበት። ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በዚያው ዘመን ሸዋ ገብቶ አልዩ አምባ ተቀምጧል፤ የእሱም መጽሐፍ በዚያው በ1844 ነው የታተመው። አልዩ አምባ ለአንቺ ቁልቁል የምታይው የገበያ አገር ነው። ያኛው መልእክተኛ ሆኖ የመጣ፣ ይኸኛው ብቻውን የመጣ፤ አገሩ አንድ፣ ዓመቱ ለአመል ያህል የተለያየ። የጠብ ዳኛ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። አንድ ገበያ ሁለቱ እንዴት እንደ ጻፉት ጎን ለጎን አድርጊና ለእናትሽ አንብቢላቸው። ሦስተኛዋ ምስክር እሳቸው ናቸው። ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ከቆላ ምን እንደሚወጣ፣ ከደጋ ምን እንደሚወርድ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው እንጂ ሐሪስ አይደለም።

(እግረ መንገዴን፦ ሁለቱ መጻሕፍት በታተሙበት ዓመት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ አንጎለላ ላይ ተወለዱ። ለክፍልሽ ልጆች የምትነግሪያቸው አንድ ነገር ይሁንሽ።)

እንግሊዝኛው ይከብደኛል ብለሻል። ወንድምሽስ? የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ዲግሪ አለው፣ እንግሊዝኛውም ካንቺ ይሻላል መሰለኝ። ከእሱ ጋር ስለ ንባብ ጥቅም አትከራከሪ፤ በክርክር የተረታ ታላቅ ወንድም አይቼ አላውቅም። ይልቅ ለመስቀል ሲመጣ ስልኩን አቀብዪውና «ይህን ገጽ ለእማዬ ተርጉምላት፣ እኔ አልሆነልኝም» በዪው። እናቱ ፊት አልችልም አይልም። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ይህ ሰውዬ ግን ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሥራ የፈታው ማን እንደ ሆነ አታንሺበት። ልብ ወለዱን «ውሸት» ካለው ደግሞ ቃሉ ራሱ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ከታተመው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ርእስ የመጣ መሆኑን ንገሪው፤ ልብ የወለደው ታሪክ። ውሸት የሚል ቃል የለበትም።

የስኬቱን መጽሐፍ እንለፈው።

112ኛው ገጽ ላይ የተውሽው የታሪክ መጽሐፍ ነውር የለበትም። ነውሩ ለባለቤቱ ሳይመልሱ መቅረት ነው። ከእኔ ተውሶ የጠፋ ሰው አለ፤ ይህን ዓምድ እንደሚያነብ አውቃለሁ፤ ሽፋኑ ላይ የቡና ቀለበት ያለበት ነው፣ ከነቡናው እቀበለዋለሁ። አንቺ ግን ከመመለስሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። መጨረሻ ላይ የስሞች ማውጫ ካለው አንኮበር የሚለውን ፈልጊና ያን ስም የያዙትን ገጾች ብቻ አንብቢ። ስድስት መቶ ገጽ ያስፈራሽ መጽሐፍ ሃያ ገጽ ይሆንልሻል። አለቆችና መሳፍንቱ ስማቸው እየተደራረበ ሲያደክምሽ የነበረው መቆሚያ ስላጣሽ ነው፤ ደጃፍሽ ላይ ቆመሽ ስታነቢው ማን ከየት እንደ መጣ፣ በየት በር እንደ ገባ ይገባሻል። ከዚያ በኋላ ሳትጨርሺው ብትመልሺውም ማንም አይጠይቅሽ።

የቀረው የእናትሽ ጥያቄ ነው። «ብዙ ነገር ነው» ብለሽ መውጣትሽ ከንቀት እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ እናት ናቸው። ግን ጥያቄያቸውን ደግመሽ አንብቢው። «ስንት አነበብሽ?» አላሉም፣ «ስለ ምን ይናገራል?» አላሉም። «ምን አለሽ?» ነው ያሉት። አንቺን ምን አለሽ። ለዚህ የመጽሐፉን ፍሬ ነገር ማሳጠር አያስፈልግም፤ አንድ ያስቆመሽ ነገር ይበቃል። ከሰባቱ መካከል ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር የት እንዳለ ደብዳቤሽ ራሱ ያሳብቃል። በሦስተኛው ገጽ ጠርዝ ላይ፣ ሌላውን ሁሉ ከጻፍሽ በኋላ፣ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ብለሻል፦ «በወፎቹ መጽሐፍ ላይ በአንኮበር ስም የተጠራች ወፍ አለች። ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሬ አላውቅም ነበር።»

አየሽ፣ ይህን ለሰው ሳይነግሩ እንዴት ይታደራል? እኔም ስለ እሷ አንብቤ ነበር። ትንሽ ናት፣ ግራጫና ቡናማ፣ ደረቷ ላይ ሰረዝ ሰረዝ ያለባት፤ ዓይን የምትስብ አይደለችም። በገደሉ አፋፍ ላይ በመንጋ ሆና መሬት ለመሬት ዘር ትለቅማለች። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር አጠገብ ተገኝታ በ1979 ነው ለሳይንስ የተመዘገበችው። የተመዘገበችው ለሳይንስ ነው እንጂ እዚያ ገደል ላይ ከመቼ ጀምሮ እንዳለች እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ሐሪስ ጫማ ሥር ሳትለቅም አልቀረችም፣ እሱ ግን የሚያድነው ትልልቁን ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዝናሙ ቆሞ አደይ ሲፈነዳ፣ አንድ ማለዳ ጭጋጉ ሳይነሣ፣ እናትሽን ይዘሽ ወደ አፋፉ ውጪ። መጽሐፉን ያዢ። ካርቶኑን ለጎረቤት ልጅ አደራ ስጪ፤ ሽለምጥማጡ አልሞተም። ወፏ ብትገኝ ባትገኝ ሥዕሏን አሳዪአቸውና «መጽሐፉ ይህችን ነው ያለኝ» በያቸው። ፈረንጆቹ በአንኮበር ስም እንደ ጠሯት ንገሪያቸው። እሳቸው እርሻ ሲጠብቁ፣ እንጨት ሲለቅሙ፣ ጥጃ ሲያግዱ ያደጉት እዚያው ገደል ላይ ነው። ምናልባት በልጅነታቸው ያውቋት ይሆናል፤ ምናልባትም ማንም ያልጻፈው ስም አላት። ከነገሩሽ በወፎቹ መጽሐፍ ላይ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ በእርሳስ ጻፊው፤ ለእኔም ላኪልኝ።